ወህኒ አይደለም የተባለው ቤት፦ የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

በ1830ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ፊላደልፊያ ከተማ፣ አንዲት እናት ልጇን ዳኛ ዘንድ ከሰሰቻት። ልጅቱ ሜሪ አን ክራውስ ትባላለች። አልሰረቀችም፣ ሰው አልመታችም። እናትየው ያቀረበችው ክስ "አልታዘዝ አለችኝ፣ ከአቅሜ በላይ ሆነች" የሚል ነበር። ዳኛውም ልጅቱን "የመጠለያ ቤት" ወደሚባል የወጣቶች ማረሚያ ላካት። አባቷ ግን በዚህ አልተስማማም፤ ልጄ በወጉ ሳትዳኝ ነፃነቷን ተነፈገች ብሎ እስከ ፔንስልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ አቤት አለ። ተሸነፈ። ፍርድ ቤቱ የሰጠው ምክንያት ባጭሩ ይህ ነው፦ ቤቱ ወህኒ አይደለም፣ ትምህርት ቤት ነው። ወላጅ ልጁን መምራት ካቃተው መንግሥት በወላጅ ቦታ ይተካል።

ከዚያ ወዲህ ወደ 200 ዓመት ሊሞላ ነው፤ የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ታሪክ ግን በአብዛኛው እዚህ ክርክር ላይ ሲሽከረከር የኖረ ነው ብዬ አምናለሁ። ቤቱን ትምህርት ቤት ነው ካልን ሁለት ጥያቄዎች ሳይታወቀን ይቀራሉ። አንዱ "ልጁ መቼ ይወጣል?" የሚለው ነው። ሌላው "ውስጥ ያለውን ነገር ማን ያየዋል?" የሚለው። ለእስረኛ ቀን ይቆረጥለታል፣ ጠበቃ ይቆምለታል፣ ይግባኝ ይላል። ለተማሪ ማን ጠበቃ ያቆማል?

(ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ወደ አገራችን ስመጣ ዓ.ም. እላለሁ።)

መጀመሪያ ግን ፍትሐዊ እንሁን። እነዚህን ቤቶች የመሠረቷቸው ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። በዘመኑ አንድ የ10 ዓመት ልጅ ዳቦ ሰርቆ ከተያዘ የሚገባው ነፍሰ ገዳይና ሽፍታ ካለበት ወህኒ ነው፤ በአንድ ክፍል፣ በአንድ አጎዛ። ይህን አይተው ያዘኑ እንደ ቶማስ ኤዲ እና ጆን ግሪስኮም ያሉ የኒው ዮርክ ሰዎች ገንዘብ አሰባስበው፣ መንግሥትን ለምነው፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1825 የመጀመሪያውን የመጠለያ ቤት ከፈቱ። ቦታው የድሮ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ልጆች 9 ናቸው፤ 6 ወንድና 3 ሴት።

የቤቱ ቀን በደወል ይጀምራል፣ በደወል ያልቃል። ጸሎት፣ ትንሽ ትምህርት፣ ብዙ ሥራ። ወንዶቹ ብሩሽና ወንበር ይሠራሉ፣ ሴቶቹ ይሰፋሉ፣ ያጥባሉ። የልጆቹን ጉልበት በኮንትራት የሚወስዱ ነጋዴዎች ነበሩ። ወንዱ እስከ 21 ዓመቱ፣ ሴቷ እስከ 18 ዓመቷ ሊያዙ ይችላሉ፤ ያጠፉት ጥፋት ትንሽም ይሁን ትልቅ ለውጥ የለውም። ደግሞ አብዛኞቹ ይህ ነው የሚባል ወንጀል የሌለባቸው ነበሩ። መንገድ ላይ ሲዞሩ የተያዙ፣ ለምነው የተገኙ፣ እናት አባት የሌላቸው። ብዙዎቹም የአየርላንድ ስደተኞች ልጆች ነበሩ።

ይህን ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም በየአገሩ የሚደጋገም ነገር ነው። ማረሚያው የሚሞላው በመንደሩ ሁሉ ልጅ አይደለም። ኒው ዮርክ ላይ የአየርላንድ ስደተኛ ልጅ ነበር፣ በኋላ ጥቁሩ ልጅ ሆነ። በእኛ ዘመን እስራኤል ውስጥ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ከሕዝብ ቁጥራቸው ጋር በማይመጣጠን ብዛት ሲያዙና ሲታሰሩ ኖረዋል፤ በ2016 በኤሚ ፓልሞር የተመራው የመንግሥት ኮሚቴም በማኅበረሰቡ ላይ ስለሚደርሰው አድልዎ ሪፖርት አውጥቷል። የሀብታም ልጅም ይሰርቃል። እሱ ግን ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ አባቱ ካሳ ይከፍላል።

አውሮፓም የራሱን መንገድ ሞከረ። እንግሊዝ በ1838 ዋይት በምትባል ደሴት ላይ ፓርክኸርስት የሚባል የልጆች ወህኒ አቋቋመች። "ለማረም" ተብሎ ነው የተከፈተው፤ ልጆቹ ግን መጀመሪያ አካባቢ እግር ብረት ይታሰሩ ነበር፣ ብዙዎቹም በመርከብ ተጭነው ወደ አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ ተላኩ። ሜሪ ካርፔንተር የምትባል የብሪስቶል ሴት ይህን አጥብቃ ተቃወመች። ልጅን በፍቅርና በቤተሰብ ነው እንጂ በወታደር ዲሲፕሊን ማረም አይቻልም ብላ ጻፈች፣ ራሷም ትምህርት ቤት ከፈተች። በ1854 የማረሚያ ትምህርት ቤቶች ሕግ ሲወጣ የእሷ ድካም ፍሬ ነበር ማለት ይቻላል። ግን ሕግ አውጪዎቹ አላስቻላቸውም፤ ልጁ ትምህርት ቤቱ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ 14 ቀን ወህኒ ይቅመስ የሚል አንቀጽ ጨመሩበት። ለምን? ካልተቀጣማ ፍትሕ አልተፈጸመም ብለው ስላሰቡ ነው። ይህ ስሜት ዛሬም በየሰፈራችን አለ።

የፈረንሳዩ ደግሞ የባሰ ያስገርማል። በ1840 ቱር ከተማ አጠገብ ሜትሬ የሚባል የእርሻ ሠፈር ተከፈተ። የመሠረተው ፍሬዴሪክ ኦጉስት ደሜ የተባለ ዳኛ የነበረ ሰው ነው። ልጆቹ 40 ያህል እየሆኑ "ቤተሰብ" ይባላሉ፣ በየጎጆው ይኖራሉ፣ እርሻ ያርሳሉ። አጥር እንኳ አልነበረውም። ከመላው አውሮፓ ጎብኚ እየመጣ አደነቀው። ግን እዚያ የገቡት ልጆች ብዙዎቹ በፍርድ ቤት ነፃ የተባሉ ነበሩ! የፈረንሳይ የወንጀል ሕግ ክፉና ደጉን ሳይለይ ያጠፋ ልጅ ጥፋተኛ አይባልም ይላል። ነፃ ይባላል። ከዚያ ግን "ይታነጽ" ተብሎ እስከ 20 ዓመቱ ድረስ ሊያዝ ይችላል። ጥፋተኛ ቢባል ኖሮ በወራት ሊወጣ የሚችል ልጅ ነፃ ስለተባለ ዓመታት ይቆያል ማለት ነው። ሜትሬ የተዘጋው በ1930ዎቹ ነው፤ በመጨረሻ ዘመኑ ስሙ በጣም ከፍቶ ነበር።

አሁን ወደ ኤልማይራ እንምጣ። ብዙ ሰው ስሙን አልሰማም ይሆናል፣ አሠራሩ ግን ዓለምን ያዳረሰ ነው። ኤልማይራ በኒው ዮርክ ግዛት ያለች ከተማ ናት። በ1876 እዚያ የተከፈተው ማረሚያ ከ16 እስከ 30 ዓመት ለሆናቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባድ ወንጀል ለሠሩ ወንዶች ነበር። አለቃው ዘቡሎን ብሮክዌይ ይባላል። ሰውየው ጎበዝ አደራጅ ነው። አንድ እስረኛ ሲገባ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ይጀምራል። በየወሩ እስከ 9 ነጥብ ማግኘት ይችላል፤ ለሥራ 3፣ ለትምህርት 3፣ ለጠባይ 3። ጥሩ ከሆነ አንደኛ ደረጃ ይወጣል፣ እዚያም ከጸና እኛ አመክሮ በምንለው መንገድ ይፈታል፣ ውጭም ወጥቶ ለወራት ቁጥጥር አለበት። ካጠፋ ሦስተኛ ደረጃ ይወርዳል፣ ቀይ ልብስ ይለብሳል። ማታ ማታ ትምህርት አለ፣ የእጅ ሙያ አለ፣ ጋዜጣ አለ፣ የሙዚቃ ባንድ አለ።

የዚህ ሁሉ ሞተር በ1877 የወጣው ሕግ ነው። ዳኛው እስረኛውን ይልካል እንጂ ቀን አይቆርጥለትም። ሕጉ ለዚያ ወንጀል ካስቀመጠው ጣሪያ ሳያልፍ፣ መቼ ይውጣ የሚለውን የሚወስኑት ማረሚያው ራሱና አስተዳዳሪዎቹ ናቸው። ሐሳቡ ያማልላል፤ ሐኪም በሽተኛውን ሲድን እንጂ በቀን ቆጠራ ከሆስፒታል አያስወጣውም አይደል? ልክ ነው፣ በሽተኛ ግን ሐኪሙ ካልጣመው ተነስቶ ይሄዳል። የኤልማይራ እስረኛ መሄድ አይችልም። ቁልፉ፣ ነጥቡ፣ ዱላውም አንድ ሰው እጅ ላይ ነው።

ዱላው ደግሞ በእውነት ነበረ። በ1893 እና 1894 የግዛቱ የበጎ አድራጎት ቦርድ ምርመራ አደረገ። ብሮክዌይ እስረኞችን በራሱ እጅ በቆዳ ጠፍር ይገርፍ እንደነበር፣ አንዳንዶቹም በሰንሰለት ታስረው ጨለማ ክፍል ይቆዩ እንደነበር ወጣ። ለ500 ያህል ሰው የተሠራው ቤት ያን ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሞልቶ ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? የግዛቱ ገዢ ሌላ ኮሚቴ ሰየመ፣ ያ ኮሚቴ ሰውየውን ነፃ አወጣው፣ እስከ 1900 በሥልጣኑ ቆየ። የመጀመሪያውን ምርመራ ሳነብ የሚያናድደኝ ዱላው ብቻ አይደለም። በዚያን ጊዜ በየአገሩ ያሉ ባለሥልጣናት ኤልማይራን "የዘመናዊ እርምት አርአያ" እያሉ ይጎበኙት ነበር። ጎብኚ ነጥብ የተጻፈበትን መዝገብ ያያል፣ ባንዱን ይሰማል፣ ይሄዳል። ሌሊት የሚቆይ ማንም የለም።

ከጎብኚዎቹ አንዱ የእንግሊዝ እስር ቤቶች ኃላፊ ኢቭሊን ራግልስ ብራይስ ነበር። በ1897 አሜሪካ ሄዶ አይቶ ተመለሰ። ከዚያ በ1902 ኬንት ውስጥ ቦርስታል በምትባል መንደር ያለውን እስር ቤት ወጣቶችን ለማረም መጠቀም ጀመረ፤ ስሙም የመንደሯን ስም ይዞ ቀረ። የ1908ቱ ሕግ ከ16 እስከ 21 ዓመት ላሉት ከ1 እስከ 3 ዓመት የሚቆይ የቦርስታል ሥልጠና ደነገገ። በ1920ዎቹ አሌክሳንደር ፓተርሰን የሚባል ሰው እጁን ሲያስገባ ነገሩ ነፍስ ዘራ። ጠባቂዎቹ ዩኒፎርም አወለቁ፣ ወጣቶቹ እንደ አዳሪ ተማሪ ቤት በ"ቤት" ተከፋፈሉ። በ1930 ደግሞ ከፌልተም ቦርስታል የተነሱ ወጣቶችና ሠራተኞች ለቀናት በእግራቸው ተጉዘው ኖቲንግሃም አካባቢ ላውደም ግሬንጅ የሚባለውን አጥር የሌለው ማረሚያ በገዛ እጃቸው ሠሩ። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ፤ ሰው ካመኑት ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል።

ግን አልዘለቀም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤቶቹ ሞሉ፣ እንደ ፓተርሰን ያሉ ሰዎች ሄዱ፣ ቦርስታል ተራ እስር ቤት ሆነ። በ1982 በሕግ ቀረ። ፌልተም ግን ዛሬም የወጣቶች እስር ቤት ነው። ቦርስታል የሚለው ስም በእንግሊዝ ቅኝ ተገዝተው በነበሩ አገሮች ቆይቷል፤ ጎረቤታችን ኬንያ ሺሞ ላ ቴዋ እና ሺኩሳ የሚባሉ ቦርስታሎች አሏት። ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ አንድ ደግ ሰው ላይ የቆመ ቤት ሰውየው ሲሄድ ይፈርሳል። ሰው ይሄዳል፣ የሚቀረው ሕጉና ተቆጣጣሪው ነው።

አሜሪካኖቹ በ1899 ቺካጎ ላይ የመጀመሪያውን የልጆች ፍርድ ቤት ከፈቱ። እሱም በዚያው "መንግሥት አባት ነው" በሚል ሐሳብ ነው የተሠራው። ዳኛው አባት ከሆነ ጠበቃ ምን ያደርጋል ተባለ። ይህ እስከ 1967 ዘለቀ። አሪዞና ውስጥ ጄራልድ ጎልት የሚባል የ15 ዓመት ልጅ ለጎረቤት ሴት ስልክ ደውሎ ብልግና ተናገረ ተብሎ ተያዘ። ጠበቃ የለውም። ከሳሿ ሴትዮ ችሎት አልቀረበችም። ዳኛው እስከ 21 ዓመቱ ማረሚያ ይቆይ አለ፤ እስከ 6 ዓመት ማለት ነው። አዋቂ ሰው ያንኑ ቢያደርግ ቅጣቱ እስከ 50 ዶላር ወይም እስከ 2 ወር እስራት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ ልጅም ጠበቃ ይገባዋል፣ የተከሰሰበትን የማወቅ፣ ምስክር የመጠየቅ፣ ዝም የማለት መብት አለው ብሎ ወሰነ። የሜሪ አን አባት ከጠየቀው ጊዜ ጀምሮ ወደ 130 ዓመት ገደማ ፈጀ።

እስከዚያ ድረስ በተዘጋው በር ውስጥ ምን ሲሆን እንደነበር የፍሎሪዳው ዶዚየር ትምህርት ቤት ይናገራል። ማሪያና በምትባል ከተማ በ1900 ተከፈተ፣ በ2011 ተዘጋ። ገና በ1903 የመጡ መርማሪዎች ልጆች እግር ብረት ታስረው አገኙ። አገኙ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ከ100 ዓመት በላይ ሠራ። ከተዘጋ በኋላ የደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግቢውን ሲቆፍሩ 55 መቃብር አገኙ፤ መቃብሩ ላይ የነበረው መስቀል ግን 31 ብቻ ነበር። ግዛቱ በ2017 ይቅርታ ጠየቀ፣ በ2024 ደግሞ ለተረፉት 20 ሚሊዮን ዶላር ካሳ መደበ። ልብ በሉ፣ የቤቱ ስም እስከመጨረሻው "ትምህርት ቤት" ነው።

ሌላ መንገድ የሞከረም አለ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ጀሮም ሚለር የሚባል ሰው በ1969 የወጣቶች ማረሚያዎች ኃላፊ ሆነ። ቤቶቹን ለማሻሻል ሞከረ፣ አልሆነለትም፤ ሠራተኛው እንቢ አለ። ስለዚህ ዘጋቸው። በ1972 መጀመሪያ ላይ ከ1840ዎቹ ጀምሮ የነበረውን ትልቁን ማረሚያ ዘግቶ ልጆቹን በመኪና ጭኖ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስቀመጣቸው፤ ከዚያ ወደ ቤተሰብ፣ ወደ ትናንሽ ቤቶች፣ ወደ ሰፈር ፕሮግራሞች በተኗቸው። ሰዉ ከተማው በሌባ ሊጥለቀለቅ ነው ብሎ ፈርቶ ነበር። አልተጥለቀለቀም። የሰፈር ፕሮግራሙ በወጉ በተሠራበት ቦታ ልጆቹ የተሻለ ውጤት አሳዩ፣ በግዴለሽነት በተሠራበት ደግሞ አላሳዩም። ካሊፎርኒያም በ1990ዎቹ አጋማሽ 10,000 ገደማ ወጣቶች ይይዝ የነበረውን የግዛት ማረሚያ ሥርዓቷን በጁን 2023 ዘጋች፣ ኃላፊነቱን ለየአውራጃው ሰጠች። በመላው አሜሪካ በአንድ ቀን በእስር የሚገኙት ወጣቶች ቁጥር በ2000 ከ100,000 በላይ ነበር፤ በ2022 ከ30,000 በታች ወርዷል።

እኛስ?

በወረቀት ላይ ያለው ሕጋችን መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ከብዙዎቹ ይሻላል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው ነው፣ ለልጆችም የተለየ ክፍል ነበረው። በዚያ ሕግ ፍርድ ቤት ልጅ በዘንግ እንዲገረፍ ማዘዝ ይችል ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን አስቀረ። አሁን ባለው ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው በልዩ ድንጋጌዎች ነው የሚታየው። ዳኛው ሊገሥጸው ይችላል፣ ቤቱ ወይም ትምህርት ቤቱ ተወስኖ እንዲቆይ ማድረግ ይችላል፣ ለዘመድ ወይም ለታማኝ ሰው አደራ ሊሰጠው ይችላል። ጠባዩ ከከፋ ወደ ማረሚያ ተቋም ይላካል፤ ግን ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት፣ ደግሞም 18 ዓመት ከሞላው በኋላ አይቀጥልም። ይህ ጣሪያ ትልቅ ነገር ነው። የኒው ዮርኩ ልጅም የሜትሬው ልጅም አላገኙትም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው መያዝ አለባቸው ይላል።

ችግሩ መሬት ላይ ነው። ሕጉ "ማረሚያ ተቋም" ሲል ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ የነበረው አዲስ አበባ፣ ልደታ አካባቢ ያለው የሕፃናት ጠባይ ማረሚያ ብቻ ነው። አገሩ ስንት ወረዳ እንዳለው አስቡት። ከአዲስ አበባ ርቆ የተቀመጠ ዳኛ የ13 ዓመት ልጅ ፊቱ ሲቀርብ ምን ያድርግ? ወይ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፣ ወይ ፖሊስ ጣቢያ ይቆያል፣ ወይ አዋቂዎች ያሉበት ማረሚያ ቤት አንድ ጥግ ይሰጠዋል። ያ ኒው ዮርኮችን በ1825 ያሳዘናቸው ነገር ነው።

ስለዚህ ብዙ ሰው "በየክልሉ ማረሚያ ይሠራ" ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። እኔ ግን ያሳለፍነውን ታሪክ አይቼ እጠራጠራለሁ። ትልቅ ግቢ፣ 200 ልጅ፣ ትንሽ በጀት፣ ከከተማ ውጭ፤ ይህ የሜትሬና የዶዚየር ቅርጽ ነው። ሕጋችን ላይ የተጻፈው ሌላው አማራጭ፣ ልጁን ለዘመድ አደራ ሰጥቶ መከታተል፣ ለእኛ ኑሮ ይበልጥ የቀረበ ነው። አጎት አለ፣ አክስት አለች፣ የነፍስ አባት አለ፣ እድር አለ። የጎደለው የሚከታተለው ባለሙያ ነው። አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ በየወረዳው ፍርድ ቤት ተቀጥሮ በየሳምንቱ ቤት ለቤት ቢዞር፣ ግቢ ከመገንባትና ከማስተዳደር ያነሰ ወጪ ነው። የግድ ተዘግቶ መያዝ ያለበት ልጅም አይጠፋም፤ ለእሱ የሚሠራው ቤት ትንሽ ይሁን፣ ለቤተሰቡ ቅርብ ይሁን፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሳያስታውቅ ገብቶ የማየት ሥልጣኑን እዚያ በተደጋጋሚ ይጠቀምበት።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ የሕግ ክፍተት አለ። ከ15 እስከ 18 ያለው ልጅ በመደበኛው የወንጀል ሕግ፣ እንደ አዋቂ ነው የሚዳኘው። ዳኛው ቅጣት ሊያቀልለት ይችላል፣ ሞት አይፈረድበትም፤ ለትንንሾቹ የተዘረዘሩት አማራጮች ግን እንደ እነሱ በቀጥታ አይደርሱትም። ኢትዮጵያ በፈረንጆች 1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ልጅ የሚለው ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴም የወንጀል ተጠያቂነት መነሻ ቢያንስ 14 ዓመት እንዲሆን በ2019 መክሯል፤ የእኛ 9 ላይ ቆሟል። ሁለቱን ቁጥሮች ለመቀየር ሕንፃ አያስፈልግም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕጉን ሲያሻሽል 9ኙን ወደ 14፣ 15ቱን ወደ 18 ቢያደርግ፣ ዛሬ ከአዋቂ ጋር የሚታሰሩ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ያንኑ ቀን ሌላ መንገድ ያገኛሉ።